የሼኽ ሱረይጅ አደራ

በዴር ቀይቀብ ቁልፍ የሌለው በር አንድ ብቻ ነበር፤ የመንደሩ ውድ ዕቃ የሚቀመጠውም ከዚያ በር ጀርባ ነበር።

የሼኽ ሱረይጅ ቁባ፣ ጉልላት ያለው የመቃብር ቤቱ፣ ከመንደሩ በላይ፣ እርጅና ግንዱን በቦረቦረው ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ነጭ እንቁላል መስሎ ተቀምጧል። ሰው የዓመት ዘይቱን በጋን ሞልቶ እዚያ ይተዋል። የዘር ስንዴውን፣ ሞፈር ቀንበሩን፣ ለሙሽራ ያሰበውን ምንጣፍ ይተዋል። ሐጅ የሚሄድ ሰው የሚስቱን ወርቅ በጨርቅ ቋጥሮ በመቃብሩ ራስጌ ያኖርና እፎይ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ዘብ የለም። ዘቡ ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር የተኛው ሼኽ ነው።

የመንደሩን ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው በየትኛው ዘመን ምን ዕቃ ወደ ቁባው እንደገባ ቢጠይቅ ይበቃዋል። ቱርክ ለጦርነቱ መዳብ ይለቅም በነበረ ጊዜ ሴቶቹ ድስታቸውንና ትሪያቸውን አስገቡ፤ ወታደሮቹ እስከ በሩ መጥተው ተመለሱ። አንበጣ የበለሱን ቅርፊት ሳይቀር በጋጠበት ዓመት የዘር እህሉ እዚያ ነበር፤ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። ሰዉ በእንግሊዝ ላይ ባመፀ ጊዜ ወታደሮቹ ቤት ለቤት እየገቡ ዘይቱን በስንዴው ላይ እየደፉ በጫማቸው ሲያቦኩት፣ ሰዉ ዕቃውን ለሼኹ ትቶ ወደ ምሥራቅ ዋሻዎች ሸሽቶ ነበር። መኮንኑ የቁባውን በር ገፋ አድርጎ አየና ባርኔጣውን አውልቆ ሄደ። ባርኔጣውን በማውለቁ ሁሉም ይስማማል። ጉልበቱ ተብረክርኮ ነበር የሚሉም አሉ።

ደግሞ የገመዱ ሌባ አለ። ከጋዛ በኩል የመጣ ግመል ነጂ ከቁባው አንድ ገመድ ሰርቆ ሲወጣ መንገዱ ጠፋበት፤ ኮረብታውን ሲዞር አደረ። ጠዋት ገመዱ እግሩ ላይ ተተብትቦ፣ ቀኝ እጁ እንደ ደረቀ የወይን ሐረግ ተኮራምቶ፣ እዚያው በሩ ላይ ተገኘ። የዴር ቀይቀብ ልጅ እናቱን መጥራት ከቻለ በኋላ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ታሪክ ነው።

የመንደሩ ልጅ ዋስፊም ሰምቶ ያደገው ይህንኑ ነው። ኋላ ስለ ድንጋይ ሊማር ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ገባ። ጭሱና ዝናቡ በማይለይበት ከተማ ዓመታት ሲኖር ሼኽ ሱረይጅን አንድም ቀን አላሰበውም፤ ቢያንስ አላሰብኩትም ይላል። አባቱ ሲሞቱ በመጸው ተመለሰ። ሲመለስ ግን መቀመጫ የጠፋው ሰው ሆኖ ነው። እዚያ ሳለ እዚህ ያምረው ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ እዚያ። ኮረብታውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ድንጋይ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይጥላል።

«ድንጋይ ሊማር ባሕር ተሻገረ» ይል ነበር ሻሂን፣ በመንደሩ ምላሱ የማያርፍ ገበሬ። «የእኔን ማሳ አንድ ቀን ቢያርስልኝ ዲግሪውን እዚሁ በሰጠሁት።»

በዚያው የብርድ ወራት እንግሊዝ ሊወጣ ነው ተባለ፤ ከእንግሊዝ በኋላ አገሩ የማን እንደሚሆን ደግሞ የሚሻሙት ሁለቱ ወገኖች በየመንገዱ ላይ በጥይት ይነጋገሩበት ጀመር። አውቶቡሱ መጀመሪያ ዘገየ፤ ከዚያ አልፎ አልፎ መጣ፤ ከዚያ ጭራሹን ቀረ። ከምዕራብ የሚመጣው የተኩስ ድምፅ ሲርቅ ሰው ምንጣፍ የሚያራግፍ ይመስላል። ከሸለቆው ማዶ፣ ከጫካው ጫፍ፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አንዳች መስተዋት ነገር ብልጭ ይላል። ከዚያ ዞር ይልና በሌላ በኩል ብልጭ ይላል። ሰው በመነጽር እየቃኛቸው መሆኑ ገብቷቸው፣ ሴቶቹ ምንጩ ዳር ሲቀመጡ ጀርባቸውን ወደዚያ መስጠት ለመዱ።

ሙኽታሩ፣ የመንደሩ ሹም አቡ ነዋፍ፣ ወንዶቹን በእንግዳ ቤቱ ሰበሰቡ። ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ በአመፁ ጊዜ ታስረው የወጡ፣ ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ነገሩ ቀላል ነው አሉ። ተኩሱ ከቀረበ ዕቃችንን ለሼኹ አደራ ብለን፣ እንደ ዱሮው ወደ ምሥራቅ ዋሻዎች ወጣ እንላለን፤ ሲበርድ እንመለሳለን። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቱርክን ያሳለፈ፣ እንግሊዝን ያሳለፈ ዘዴ ነው።

ዋስፊ ተነሣ። የመጽሐፍ ሳጥኑን ሊያመጣ ወደ ያፋ በወረደ ጊዜ ያየውን ነገራቸው። በመስጊዱ ግቢ ፍራሻቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከባሕሩ ዳር ካለ መንደር የወጡ ናቸው። አንዲት ሴት፣ «መንገዱ ዛሬ ተከፈተ?» ብላ ጠየቀችው። ሊጥ አቡክታ ትታ ነው የመጣችው፤ እንዳይቦካባት ፈርታለች። ሳጥኑ ከመርከብ ስላልተራገፈ በሌላ ሳምንት ተመልሶ ሲሄድ ያችው ሴት እዚያው ነበረች። ያንኑ ጠየቀችው።

«ዋሻ ገብቶ መመለስ እንግሊዝ ጋ ቀረ» አላቸው። «አሁን የሚመጣው ዕቃችንን ፈልጎ አይደለም። ቦታውን ነው። የወጣ አይመለስም። በምዕራብ በኩል ምሽግ እንቆፍር፤ በተራ እንጠብቅ።»

ሰዉ ወደ አቡ ነዋፍ ዞረ። መልሱን የሰጠው ግን ሻሂን ነበር። «ኡስታዝ፣ የሊጡን ነገር ለሚስቴ አደራ እንዳትነግራት። ትታው የምትሄድበት ሰበብ ነው የምትፈልገው።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። አቡ ነዋፍም ከልባቸው ሳይሆን ፈገግ አሉ፤ ምሽጉም ጥሩ ሐሳብ ነው ተባለ። የቆፈረ ግን የለም። ዋስፊ ለብቻው ዶማ ይዞ ወጥቶ ጥቂት ቆፈረና ቋጥኝ ላይ ደረሰ። የቋጥኙን ስም ያውቀዋል፤ ሊሰብረው ግን አልቻለም። ሲመለስ፣ ከላይ ነጩን ቁባ ሲያየው፣ ነገሩ የገባው መሰለው። ያ በር ክፍት እስካለ ድረስ የዚህ መንደር አንድ እግር መንገድ ላይ ነው። ዕቃው የሚጠበቅለት ሰው ምን ብሎ ይቆያል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አክስቱን ሀጃ ተማምን ተከትሎ ወደ ቁባው ወጣ። ሀጃ ተማም የአባቱ እህት ናቸው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በየሐሙሱ የሼኹን መብራት የሚያበሩትም እሳቸው ናቸው። የዘይት ጣሳቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ቀሚሳቸውን በሌላው ሰብስበው፣ እሱ ሲያለከልክ እሳቸው ሳያለከልኩ ወጡ።

ውስጡ ዘይት ዘይትና አሮጌ ስንዴ ይሸታል። ጋኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሞፈሮቹ ከነማረሻቸው በብረት መንጠቆ ተሰቅለዋል፤ ለበሩ የሚቀርበው የሻሂን ነው። ዋስፊ መንጠቆውን በጣቱ ነካው። ቀይ ዝገት እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሣ እጁ ላይ ቀረ።

«አክስቴ፣ ይህንን ዝገት ጨርሶታል።»

«ለአቡ ነዋፍ ነግሬአለሁ። ሼኹ ይይዘዋል አሉኝ።» ሀጃ ተማም የመብራቱን ክር እያስተካከሉ ትንሽ ሳቁ።

«እርስዎ ግን ያምናሉ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እኔ የተሰጠኝ ማብራት ነው» አሉ። «ማመኑን ለሻሂን ትቼለታለሁ።»

መብራቱ ሲያያዝ ጥላቸው በጉልላቱ ላይ ወጣ። ዋስፊ አክስቱ ጀርባቸውን እስኪሰጡት ጠብቆ መንጠቆውን እንደገና አየው። ሐሳቡ የመጣለት ያን ጊዜ ነው።

ዓርብ ቀትር ላይ ካፊያ ነበር። ወንዱ ሁሉ ለጁምዓ መስጊድ ገብቷል፤ ሴቶቹ ከዝናቡ ሸሽተው ቤታቸው ናቸው። ዋስፊ የቁልቋሉን አጥር ታክኮ ወጣ፤ በሩን ገፋ፤ የሻሂንን ሞፈር ከነማረሻው አወረደ። ሲያወርደው መንጠቆው ሲጥ አለ። ዕቃውን ተሸክሞ በኋላ በኩል ወርዶ፣ ሰው ከተወው ቆይቶ እሾህ የበቀለበት የኖራ ማቃጠያ ጉድጓድ ውስጥ ደበቀው።

ያሰበው ይህን ነበር። ሻሂን ሞፈሩን ሲያጣ ሰዉ ይደነግጣል። ከሼኹ ቤት እንኳ ዕቃ የሚወሰድበት ዘመን መጣ፣ እንግዲህ የራሳችንን በራሳችን እንጠብቅ ይላል። ምሽጉ ይቆፈራል። ያን ጊዜ እሱ ሞፈሩን ተሸክሞ ይመጣና፣ እኔ ነኝ፣ እዩኝ፣ ምንም አልሆንኩም ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ቢሰድቡት፣ ሻሂን በጥፊ ቢመታው ግድ የለውም። ብቻ ይቆያሉ።

ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቀኝ እጁን ሲከፍትና ሲዘጋ ራሱን ያዘው። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ዘረጋቸው። ሳቅ መጣበት። ሳቁ ካለፈ በኋላም እጁን መክፈትና መዝጋት አልተወም።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የመጡት ውሾች ናቸው። ከሸለቆው ማዶ ካለችው መንደር ነው የመጡት፤ የማዶው ባለ ወፍጮ ቀይ ውሻ አብሯቸው ስለነበረ ሰው ለያቸው። አልጮሁም። የመንደሩ ውሾችም አልጮሁባቸውም። ከቁልቋሉ ሥር ተራ በተራ ተኙና መንገዱን ያዩ ጀመር።

ቀጥሎ ሰዎች አለፉ። የማዶዋ መንደር ሌሊቱን ወጥታለች። ውሃ ጠጡ ሲሏቸው አልቆሙም። አንዲት ሴት ብቻ ልጇን ወደ ሌላ ትከሻዋ እያዛወረች፣ ለማንም ሳትሆን፣ «ውጡ» አለች። ያየችውን የጠየቃት አልነበረም፤ ፊቷን ያየ ሰው መጠየቅ አላሰኘውም።

ሻሂን ይህን ሁሉ አልሰማም። የወይራውን ሥር ሊገለብጥ ማልዶ ሞፈሩን ሊያወርድ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ በመንደሩ መሐል በቀስታ መጣ፣ እጁ ባዶ፣ የራስ መጠምጠሚያው፣ ኩፊያው፣ ትከሻው ላይ ወርዶ። ሰዎች የሚናገረውን ቀልድ ጠበቁ።

«ሞፈሬ የለም» አለ።

አንዱ ሳቀ። ሻሂን አየው፤ ሰውዬው ሳቁን ዋጠ።

አቡ ነዋፍ ሰዉን አስከትለው ወደ ቁባው ወጡ። ዋስፊም ከኋላ ነበር፤ አሁን ይነቃሉ ይላል፣ አሁን። አቡ ነዋፍ ባዶውን መንጠቆ ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ መቃብሩ ዞሩ፤ አረንጓዴውን ጨርቅ ሊነኩ እጃቸውን ሰደዱና ሳይነኩ መለሱት። ቁጣ አልነበረም፤ ሌባው ማን ነው ያለ ሰውም የለም። አቡ ነዋፍ ዘወር አሉና ደክሟቸው እንደሚቀመጥ ሰው ዝግ ብለው፣ «ሼኹ ሄዷል» አሉ። «ከእኛ ቀድሞ ወጥቷል።»

አንዲት አሮጊት የሙሾ ድምፅ አወጣች፤ ለሰው እንደሚለቀሰው። ከዚያ ዋስፊ በሕይወቱ ያላየውን አየ። ሰዉ ዕቃውን ከቁባው ያወጣ ጀመር። ጋን በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች፣ የስንዴ ከረጢት በሁለት የያዙ ወንዶች፣ ምንጣፍ የጠቀለሉ ልጃገረዶች ቁልቁል ይወርዳሉ። የዚያች መንደር ዕድሜ ሙሉ ወደ ላይ ሲሄድ የኖረ ነገር ሁሉ ወደ ታች መጣ። በየደጃፉ አህያ ይጫናል። ጋን የማይችል አህያ ጋን ይጫንበታል። ጋኑ ይሰበራል። ዘይቱ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ይፈስሳል፤ ማንም ቆሞ አያየውም።

ዋስፊ ለምሽግ ያሰበው ፍርሃት እግር አውጥቶ ሲሄድ አየ። እየሮጠ እንግዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ካሉት አቡ ነዋፍ ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለ። ድምፁ ከፍ አለና ሰዎች ዞሩ። «የሻሂንን ሞፈር እኔ ነኝ የወሰድኩት። ዓርብ፣ እናንተ ስትሰግዱ። የኖራው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማንም የትም አልሄደም።»

ሻሂን የአህያውን ገመድ ሲያጠብቅ ቆመ። አቡ ነዋፍ ዋስፊን ለአፍታ አዩት።

«አሳየኝ።»

«ኑ፣ እዚያ ድረስ...»

«ሞፈሩን አላልኩህም። እጅህን።»

ዋስፊ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አቡ ነዋፍ የበቅሎ ኮቴ እንደሚያይ ሰው ገልብጠው አዩት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጓቸው።

«ደህና ነው» አሉ።

«የተማረ እጅ ነው» አለ ሻሂን። «ሞፈር ተሸክሞበት ቢሆን ኖሮ ሼኹ ባይቀጣው እንኳ ውሃ ይቋጥር ነበር።» ቀልድ ነበር፤ ግን ሲናገረው ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ የሳቀም የለም።

አቡ ነዋፍ የዋስፊን እጅ አልለቀቁም። «ልጄ፣ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እኛን ልታጽናና ትዋሻለህ፤ አላህ ይስጥህ፣ አባትህም እንዲህ ነበር። ወይ እውነትህን ነው። እውነትህን ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ወስደህ እጅህ ደህና ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ ማንም የለም ማለት ነው። አየህ? በየትም ዞርክ እዚያው ነው የምትደርሰው።»

ዋስፊ እጁን አስለቀቀ።  ሰዎቹ ወደ ጭነታቸው ተመለሱ።

ዋስፊ ወደ ኖራው ጉድጓድ ወረደ። እሾሁ ፊቱን እየቧጨረው ሞፈሩን አወጣና በትከሻው ተሸክሞ፣ በኋላ በኩል ሳይሆን በመንደሩ መሐል፣ ሁሉም እያየው ዳገቱን ጀመረ። ሻሂን ዕቃውን ሲያይ ገመዱን ጥሎ ተከተለው። ሌሎችም ተከተሉ። ሀጃ ተማም ቀድመው ቁባው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዕቃው ከወጣ በኋላ ወለሉን ይጠርጉ እንደሆን እንጃ፣ እጃቸው ላይ መጥረጊያ አለ።

«ይኸው» አለ ዋስፊ፣ ለሁሉም። «ከዚህ ወሰድኩት፣ እዚህ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ነው ነገሩ። እንጨትና ብረት ነው።»

ሞፈሩን አንሥቶ መንጠቆው ላይ ሰቀለው። እጁን ሳይለቅ መንጠቆው ተሰበረ።

ማረሻው ከነሞፈሩ ወረደ። ዋስፊ በግድግዳው ግርጌ ያለውን የድንጋይ መደብ ተደግፎ ነበር፤ ብረቱ የቀኝ እጁን ጣቶች በድንጋዩ ላይ አገኛቸው። ድምፁን መጀመሪያ የሰማው እሱ አልነበረም፤ ሻሂን ነው። ዋስፊ እጁን ሲያነሣው ሁለቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ነበር። እንደ ደረቀ የወይን ሐረግ።

ደጃፍ ላይ የቆሙት አንገታቸውን አስግገው አዩት። ከዚያ ሻሂን በጉልበቱ ወደቀና የበሩን መቃን ሳመ። እየሳቀ ያለቅስ ነበር። «አለ» አለ። «አለ፣ አለ፣ እዚሁ አለ።» ከውጭ ያሉት ሴቶች ወሬው ሲደርሳቸው እልልታው ተነሣ፤ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ቁልቁል ወረደ፤ መንደሩ ሠርግ ያለበት መሰለ።

ዋስፊ በግድግዳው ላይ የቀረውን የመንጠቆ ስባሪ አየ። የተሰበረበት ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ ክር የምታክል ደህና ብረት ቀርታ ነበር። ዝገት ነው ሊል አፉን ከፈተ። እልልታውን ሰማ። አለ ካሉ ይቆያሉ ብሎ አሰበ። የፈለገው ይኸው አልነበረም? እሱ በእውነት ያላገኘውን ዝገት አገኘለት። አፉን ዘጋ፤ ሕመሙም ያን ጊዜ መጣ።

ሀጃ ተማም ሻሻቸውን ቀድደው እጁን ያስሩለት ጀመር። አቡ ነዋፍ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረጉ። ሲዞሩ ፊታቸው ዐሥር ዓመት ወጣት ሆኖ ነበር።

«ይቅር በሉን» አሉ፣ ለሼኹ ነው። ከዚያ ለሰዉ፣ «እንግዲህ ነገሩ ቀለለ። አህዮቹን አራግፉ። ያወጣችሁትን ሁሉ መልሳችሁ አስገቡ፤ የቤታችሁንም ጨምሩ። ሕፃንና ሽማግሌ ይዘን፣ እጃችን ባዶ፣ ማለዳ እንወጣለን። የሚጠብቅልን አለ። ስንዴው ሳይደርስ እንመለሳለን።»

ዋስፊ ቀና አለ። «አቡ ነዋፍ» አለ፣ «ይህ መንጠቆ...»

ሀጃ ተማም የጨርቁን ቋጠሮ ሳብ አደረጉት። ሕመሙ እስከ ጥርሱ ወጣና ቃሉን በላው። ቀና ብሎ ሲያያቸው አክስቱ እሱን አያዩም፤ እጁን ነው የሚያዩት። ቋጠሮውን ደገሙት።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዕቃ ወደ ቁባው ወጣ። እንዲያ ያለ አደራ ከቱርክም ከእንግሊዝም ዘመን አልታየም። ዘይትና ስንዴ ብቻ አይደለም፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሙሽራ ሳጥን፣ የሕፃን አልጋ፣ የመስጊዱ ሰዓት ገባ። ቦታ ሲጠፋ ከዛፉ ሥር ከመሩት። ሰው እየተገፋፋ ይሳሳቃል፤ አንዱ የአንዱን ጋን እንዳይረግጥ ይጠነቃቀቃል። ሻሂን ሞፈሩን ከመቃብሩ አጠገብ አጋድሞ ማረሻውን ወደ ማሳው አቅጣጫ አዞረው። «ስመለስ መንገድ እንዳይጠፋው» አለ። ዋስፊ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። የሚያልፈው ሁሉ ቆም ይልና ጨርቁን ይነካል፤ የነካበትን ጣቱንም ይስማል። የመረቁትም አሉ።

ማለዳ ወጡ። ቤታቸውን በየቁልፉ ቆለፉ፤ ቁልፉን ወንዶቹ ወገባቸው ላይ፣ ሴቶቹ አንገታቸው ላይ አሰሩ። የቁባውን በር ሀጃ ተማም ገጠም አደረጉት፤ ቁልፍ የለውም። መብራቱን እስከ አፉ ሞልተውታል፤ እስከ ሐሙስ ይበቃዋል አሉ።

ከቁልቋሉ ሥር የተኙት ውሾች ሰዉ ሳይነሣ ቀድመው ተነሡ። ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን መንገድ ማንም ሳያሳያቸው ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ። ሕፃናቱ ወደዱት፤ ቀዩን ውሻ በስሙ እየጠሩ ተከተሉት። ሸክም ስለሌለ ዳገቱ አልከበደም። ሻሂን የመኮንኑን ባርኔጣ ታሪክ ለልጆቹ ያወራል፤ ዛሬ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ጥርሱም ተንቀጥቅጧል።

ከአናቱ ላይ ሲደርሱ ዋስፊ ዞሮ አየ። ቁባው ነጭ ነው፤ ዙሪያው በዕቃ ክምር ጠቁሯል። ከማዶው ጫካ ጫፍ መስተዋቱ ብልጭ አለ። የማለዳዋ ፀሐይ ከመስተዋቱ ፊት ለፊት ነበረች፤ ዛሬ ግን ብልጭታው አንድ ብቻ አልነበረም። ቆይቶም ዞር አላለም።

ሀጃ ተማም አጠገቡ ቆመው ነበር። ሐሙስ ወደ ቁባው ሲወጡ ያላለከለኩት ዛሬ ያለከልካሉ።

«ያውቁ ነበር» አላቸው በዝግታ። «ዝገት እንደሆነ። ለምን ከለከሉኝ?»

«ያችን ከማዶ የመጣችውን ሴት አይቻታለሁ» አሉ። «መውጣቱስ አይቀርም፣ ልጄ። ትላንት ሊወጡ ሲጭኑ እንደ ሬሳ ነበሩ። ዛሬ እያቸው።»

ወደ ፊት አየ። ልጆቹ እየሮጡ ነው። አቡ ነዋፍ በትራቸውን ሳይደገፉባት ይዘዋታል።

«ይህን ይዤ እስከ መቼ እሄዳለሁ?» አለ። እጁን ይሁን ሌላውን ግልጽ አላደረገም። «ልነግራቸው ይገባል። መቼ ልንገራቸው?»

ሀጃ ተማም የዘይት ጣሳቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ይዘውት መምጣታቸውን ያን ጊዜ ነው ያየው።

«ስንመለስ» አሉ።

ከዚያ መንገዱ ጠመዘዘና መንደሯ ከኋላቸው ተሰወረች። ከፊት ሻሂን ሌላ ቀልድ ጀምሮ ነበር፤ ሰዉ ሲስቅ ይሰማል።